ተመላሽ ውሃ እና መላሹ

በአንድ የውሃ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ከውጭ የመጣ ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ከሚደርሱበት ጉዳቶች ዋነኛው ሥዕሉን ጥሎ መግባቱ ነው። በተወለደበት ቋንቋ ወንዝ ወይም ሞገድ የነበረው ሐሳብ እዚህ ሲደርስ «ተጽዕኖ»፣ «አዙሪት» ወይም «ኋላ ቀርነት» ተብሎ ይመዘገባል። አንባቢው ቃሉን ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ በቃሉ ውስጥ የሚያየው ነገር የለም። ያላየውን ነገር ደግሞ ከየት መጣ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም።

ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነው ወደ ኋላ የሚፈስ ውሃ ስም ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነቱ ውሃ «ባክዋሽ» እና «ባክዎተር» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው ዳርቻ ደርሶ የሚመለስ ሞገድ ነው። ሁለተኛው ከፊቱ ባለ ነገር ተገትቶ ወደ ኋላ የሚተኛ ውሃ ነው። «ባክዋሽ» ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአንድ በኩል ወደ ምጣኔ ሀብት፣ በሌላ በኩል ወደ ፈተና ጥናት ገብቷል። «ባክዎተር» ደግሞ በዕለት ተዕለት አነጋገር ዕድገት ሳይደርሰው የቀረ ሥፍራ ማለት ሆኗል። ስለዚህ መምህሩና የዕቅድ ባለሙያው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ከአንድ ውሃ ይቀዳሉ። ከዚህ በታች የሚመረመረው ይህ ውሃ በአማርኛ በምን ስም እንደተጠራ፣ ስሙም በሥራው ላይ ምን እንዳስከተለ ነው።

ውሃው ለምን ይመለሳል

ቃሉን ከመመዘን በፊት ውሃውን ማየት ይገባል። ውሃ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ አይሄድም። የሚመለሰው በሦስት ምክንያቶች ነው።

አንደኛው ቁልቁለት ነው። ሞገድ በግፊቱ ኃይል ዳርቻውን ይወጣል፤ ኃይሉ ሲያልቅ የዳርቻው ተዳፋት ስቦ ይመልሰዋል። ሲመለስም ብቻውን አይመለስም፤ አሸዋና ጠጠር ጠርጎ ይወርዳል። የሚወጣው ውሃ ከሚመለሰው የበረታ ከሆነ ዳርቻው ይገነባል፤ የሚመለሰው የበረታ ከሆነ ግን ዳርቻው ይሸረሸራል። በመልክዓ ምድር ትምህርት ገንቢ ሞገድና አፍራሽ ሞገድ የሚለዩት በዚህ ነው።

ሁለተኛው ከፊት ያለ ከፍ ያለ ውሃ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ሲቃረቡ ለጥ ያለውን የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ። በክረምት መጨረሻ የሐይቁ ወለል ከፍ ሲል ወንዞቹ እንደ ልብ የሚገቡበት ያጣሉ፤ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛና ከግራ ከቀኝ እየወጣ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው ባፈናቀለው ጎርፍ የሐይቁ ሙላትና የወንዞቹ ሙላት ተደጋግፈው ነበር። ዓባይም ራሱ በዚህ ረገድ መላሽ ሆኖ ኖሯል። በሱዳን ታላላቅ ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት፣ በነሐሴና በመስከረም ከኢትዮጵያ ደጋ ሞልቶ የሚወርደው ዓባይ ካርቱም ሲደርስ ነጭ ዓባይን ከፊቱ ቆሞ ይገታው ነበር፤ ነጭ ዓባይም ከከተማው በላይ እንደ ሐይቅ ይተኛ ነበር። በሩቅ ምሥራቅ፣ በካምቦዲያ፣ የሜኮንግ ወንዝ በየዓመቱ ሲሞላ የቶንሌ ሳፕ ወንዝ ፍሰቱን ጭራሽ ገልብጦ ወደ መነሻው ሐይቅ ይፈስሳል። የሐይቁ ስፋት በበጋ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሙላት ጊዜ እስከ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የአካባቢው ሕዝብም ዓሣውን የሚያገኘው ከዚሁ ተመላሽ ውሃ ነው።

ሦስተኛው መሰናክል ነው። ፈጣን ወንዝ ከቋጥኝ ወይም ከድልድይ እግር ጋር ሲጋጭ ከመሰናክሉ በስተጀርባ ያለው ውሃ ከዋናው ፍሰት በተቃራኒ ይዞራል፤ አማርኛ አዙሪት የሚለው ይህን ነው። መሰናክሉ መተላለፊያውን ጨርሶ ሲዘጋው ደግሞ ውሃው መዞሩን ትቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለዚህ ወንዝ ዳር መውረድ አያሻም። በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ፣ ሰባተኛን በመሰለ ሰው በሚበዛበት ሰፈር ቦዩ በፌስታል፣ በካርቶንና በጨርቅ ቁራጭ የተደፈነ እንደሆነ የክረምቱ ዝናብ መሄጃ አጥቶ ይመለሳል፤ ደጃፍ አልፎም ሱቅ ይገባል። ባለ ሱቁ ውሃውን በባልዲ ቀድቶ ሊያወጣ ይችላል። ቦዩ እስካልተጠረገ ድረስ ግን ውሃው በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይመጣል።

በሦስቱም ሁኔታዎች የመመለሱ ምክንያት ከሚመለሰው ውሃ ውጭ ነው። ርብ የተመለሰው ደካማ ወንዝ ስለሆነ አይደለም፤ የሰባተኛ ቦይ ውሃም ጠባዩ ከሌላ ውሃ የከፋ አይደለም። ማንኛውም ትርጉም ሊጠብቀው የሚገባው ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አማርኛ ምን ቃል አለው

አማርኛ በዚህ በኩል ቃል አላነሰውም። «መለሰ» ከሚለው ግሥ የሚወጣው ቤተሰብ ሰፊ ነው። «መልስ» ለተማሪ የጥያቄ ምላሽ ነው፤ ለነጋዴ ከተከፈለው ብር ላይ ለገዢው የሚሰጠው ትርፍ ነው፤ ለሙሽሮች ደግሞ ከሠርጉ በኋላ የሚደገስ ድግስ ነው። «ምልሰት» በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ታሪኩ ወደ ኋላ የሚሄድበት ስልት ነው። «ተመላሽ» ከስደት ወደ አገሩ የሚገባ ሰው ወይም ለባለቤቱ የሚመለስ ገንዘብ ነው። በዕቅድ ሰነዶችም «መልሶ ማቋቋም» እና «መልሶ ማልማት» የታወቁ ናቸው። በግዕዝ የመመለስን ትርጉም የሚይዘው «ገብአ» ነው፤ «ግብአተ መሬት» ሲባል ሰው ወደ ተፈጠረበት አፈር መመለሱ ነው። ዮርዳኖስ ወደ ኋላ የተመለሰበትን የመዝሙረ ዳዊትን ቃል የቆሎ ተማሪ ገና ዳዊት ሲደግም ይማረዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄድ ወንዝ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሥዕል አይደለም። በዚያም ታሪክ ቢሆን ወንዙ የተመለሰው በመላሽ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው በአማርኛ ጆሮ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ መልካም መሆኑ ነው። የጠፋው ሲመለስ፣ የተሰደደው ሲመለስ፣ ኃጢአተኛው ሲመለስ ደስ ያሰኛል። ስለዚህ «ተመላሽ ውሃ» ብቻውን ሲነገር አንባቢው ጉዳትን ወዲያው ላያስብ ይችላል። ይህ የቃሉ ጉድለት ቢመስልም፣ ኋላ እንደሚታየው፣ ጥቅምም አለው።

ሁለተኛው የሰዋስው ጉዳይ ነው። «መላሽ» አድራጊውን፣ «ተመላሽ» የተደረገበትን ያመለክታል። እርግጥ ነው፣ «ተመለሰ» ሰው በፈቃዱ ሲመለስም ይነገራል፤ ውሃ ግን ፈቃድ ስለሌለው ተመላሽ ውሃ ባለበት ሁሉ መላሽ አለ። ቃሉ ራሱ «መላሹ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከነጓዙ ይዞ ይመጣል። በመማሪያ ክፍልና በዕቅድ ክፍል የሚፈለገው ቃል እንዲህ ያለው ነው።

ነገር ግን በተግባር የሚሠራባቸው ቃላት ሌሎች ናቸው። ሦስቱ ተለይተው ይመረመራሉ።

«ተጽዕኖ» እና ፈተና

በፈተና ጥናት «ባክዋሽ» ወይም «ዋሽባክ» ማለት ፈተና ወደ ኋላ ተመልሶ በማስተማርና በመማር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። በሥርዐቱ መሠረት ትምህርት ይቀድማል፤ ፈተና ይከተላል። በተግባር ግን በመጨረሻ የቆመው ፈተና እንደ ሐይቁ ወለል ከፍ ሲል ከበላዩ ያለውን ሁሉ ይገታል፤ በፈተናው የማይጠየቀው ምዕራፍ ይታለፋል፤ የማይጠየቀው ችሎታም ሳይለመድ ይቀራል። አልደርሰንና ዎል እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ሐሳብ ያለ ማስረጃ እንዳይታመን አስጠንቅቀው፣ ጉዳዩን በ15 መላምቶች ከፋፍለው አቅርበዋል። በስሪላንካ ባካሄዱት ጥናትም አዲሱ ፈተና መምህራን የሚያስተምሩትን ይዘት እንደለወጠ፣ የማስተማሪያ ዘዴያቸውን ግን ያን ያህል እንዳልለወጠው አሳይተዋል።

በአማርኛ ይህ ሁሉ «የፈተና ተጽዕኖ» ተብሎ ሲታለፍ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። ቃሉ «ጸዐነ»፣ ማለት ጫነ፣ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው። ስለዚህ ክብደትን ያመለክታል፤ አቅጣጫን ግን አያመለክትም። ሸክሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። ከዚህም የተነሣ «የፈተና ተጽዕኖ» የሚለውን የሚሰማ መምህር የሚያስበው የተፈታኙን ፍርሃትና ጭንቀት ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ በገዛ ክፍሉ ውስጥ የሚፈሰውን ተመላሽ ውሃ አያስብም።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳልሆነ የቅርብ ዓመታት ሁኔታ ያሳያል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ፣ ጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎ ተሰጠ። ከ900 ሺህ ጥቂት ከሚያንሱት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ቁጥሮቹ በተነገሩ ጊዜ ጥፋቱ የተማሪው ነው፣ የመምህሩ ነው፣ የወላጁ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ቁጥጥሩ ኩረጃን ለመግታት የተደረገ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የፈተናው ቅርጽ በዋናነት ያው ከምርጫዎች አንዱን የማጥቆር ሥራ እስከሆነ ድረስ ወደ ኋላ የሚልከው ውሃም ያው ነው። በእጅ የሚጻፍ ድርሰት፣ በቃል የሚሰጥ ማብራሪያ፣ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሥራ በፈተናው ቦታ ካላገኘ በክፍል ውስጥም ቦታው ይጠባል። በር መጠበቅ አንድ ሥራ ነው፤ የሐይቁን ወለል ዝቅ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

«መልስ» የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በቤተ ክህነት የትርጓሜ ትምህርት አንድ ንባብ «አንድም» እየተባለ በየፈርጁ ይፈታል፤ መልስ ማለት ምክንያቱን ከነአማራጩ ማቅረብ ነበር። በፈተና በሚመራ ክፍል ግን መልስ ማለት «ለ» ወይም «ሐ» ነው። ተማሪው ፊደሉን ያገኛል፤ «ስለ ምን?» ሲባል ግን ዝም ይላል። የመላሹ ቅርጽ የመልሱን ትርጉም እስከዚህ ድረስ አጥብቦታል።

«አዙሪት» እና ድህነት

በምጣኔ ሀብት ጽሑፎች «የድህነት አዙሪት» እጅግ የተለመደ አነጋገር ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1953 ራግናር ኑርክሰ ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው የታወቀው ነው፦ ገቢ ሲያንስ ቁጠባ ያንሳል፤ ቁጠባ ሲያንስ ካፒታል ያንሳል፤ ካፒታል ሲያንስ ምርታማነት ያንሳል፤ ከዚያም ገቢው መልሶ ያንሳል። ክብ ነገር በአማርኛ አዙሪት መባሉ በራሱ ስሕተት አይደለም።

ችግሩ ቃሉ በአገሩ የያዘው ስሜት ነው። አዙሪት የሚፈራ እንጂ የሚጠና ነገር አይደለም። ዋናተኛው ይሸሸዋል፤ ወንዝ የሚያቋርጠው መንገደኛ ዞሮ ያልፈዋል፤ የገባበት ሰምጦ ይቀራል። ስለዚህ «አገሪቱ በድህነት አዙሪት ውስጥ ትገኛለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምርመራ ይመስላል እንጂ የፍርድ ቃል ነው። መግለጫው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይኖርም። ሆኖም «አዙሪት» የተገኘው «አዞረ» ከሚለው አስደራጊ ግሥ ነው። ውሃው ዞረ ብቻ ሳይሆን አንድ ነገር አዞረው። በመርካቶ ዕቃ ይዞ የሚዞር ሻጭ አዟሪ ይባላል፤ የውሃውም አዟሪ ከሥሩ ያለ ቋጥኝ ነው። ቋጥኙ ሲነሣ አዙሪቱ ይጠፋል።

ስዊድናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉናር ሚርዳል ይህን ክብ ሳይቀበለው አልቀረም፤ ግን ሁለት ነገሮችን ጨመረበት። አንደኛ፣ እንቅስቃሴው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ሊሄድ እንደሚችል አመለከተ። ሁለተኛ፣ ክቡ በአንድ አገር ውስጥ ቦታን ከቦታ እንደሚያበላልጥ አሳየ። «ባክዋሽ» የሚለውን ቃል በዚህ ትርጉም ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው መጽሐፍ ነው። ዕድገት አንድ ቦታ ሲጀምር ከአካባቢው ጉልበትን፣ ካፒታልንና ንግድን እየጠረገ ወደ ራሱ ይስባል። በአንጻሩ ከማዕከሉ ወደ ዳር የሚሰራጭ ጥቅም ይኖራል። የአካባቢው ዕድል የሚወሰነው ከሁለቱ በሚበረታው ነው። አልበርት ኸርሽማንም በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ተመሳሳይ ሐሳብ በሌላ ቃል አቅርቧል። ልክ እንደ ባሕሩ ዳርቻ፣ መለኪያው የሚወጣውና የሚመለሰው ውሃ ልዩነት ነው። በ«አዙሪት» ውስጥ ግን ልዩነት የለም፤ የሚለካም ነገር የለም።

«ኋላ ቀር» እና የመርካቶ ምሳሌ

ሦስተኛው ቃል ከሁለቱም ይከፋል። «ኋላ ቀር» በሰዋስው ሲታይ ራሱ የቀረ ማለት ነው። «ቀረ» አድራጊው ባለቤቱ ነው፤ አስቀሪ አያሻውም። «ኋላ ቀር አካባቢ» ሲባል አካባቢው ሌሎች ሲሄዱ የቆመ፣ የዘገየ፣ የሰነፈ ይመስላል። ርብን በጣና ፊት ደካማ ወንዝ እንደ ማለት ነው።

የዚህን አባባል ጉድለት ለማየት መርካቶ በቂ ነው። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለአገሬው ሕዝብ የተመደበው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ አካባቢውም አዲስ ከተማ ተባለ። ሰባተኛ የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው። ከጊዜ በኋላ በአቅራቢያው አውቶቡስ ተራ ተቋቁሞ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው መንገደኛ ከመኪና የሚወርደው ከገበያው ደጃፍ ሆነ። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከሌላም አካባቢ የመጣው ወጣት በሊስትሮነት፣ በተሸካሚነት፣ በአዟሪነት ጀመረ። ገሚሱ ሱቅ ከፈተ፤ ገሚሱም ቀን ሠርቶ ማታ ተማረ። የወጣበት መንደር በበኩሉ ጠንካራ ክንዱንና ንቁ ልጁን ሰጥቷል። እንዲህ ያለውን መንደር ኋላ ቀር ማለት የሰጠውን ትቶ የጎደለውን ብቻ መቁጠር ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ገንዘብ አዋጥተው በትውልድ አገራቸው መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቁመዋል፤ ከመንገድም አልፎ ትምህርት ቤት ተሠርቷል። በየዓመቱም መስቀል ሲደርስ የመርካቶ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ባለቤቱ ቤተሰቡን፣ ጥሬ ገንዘቡንና ስጦታውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። ይህም ተመላሽ ውሃ ነው። ነገር ግን ጠርጎ የሚሄደው ሳይሆን ደለል አምጥቶ ሜዳ የሚያለማው ነው። እንግሊዝኛው «ባክዋሽ» ይህን መልካሙን ወገን በውስጡ ስለማይይዝ ሚርዳል ሌላ ቃል ፈልጎለታል። አማርኛው «ተመላሽ» ግን ሁለቱንም ይችላል። ቀደም ሲል ጉድለት መስሎ የታየው ሰፊነቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የሚያስፈልገው ቅጽል መጨመር ብቻ ነው። «ጠራጊ ተመላሽ» እና «አልሚ ተመላሽ» ቢባል ሁለቱ ይለያሉ፤ ሥራቸውም ይመዘናል።

ይኸው ጥንድ ለፈተናም ያገለግላል። ተማሪ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ፈተና ወደ ኋላ ሲመለስ የድርሰት ክፍለ ጊዜን ያለማል፤ ምልክት ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ደግሞ ያንኑ ክፍለ ጊዜ ጠርጎ ይወስዳል።

ምሳሌው የሚያነክስበት

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ምሳሌ ነው፤ ምሳሌም ገደብ አለው። ሰው ውሃ አይደለም። ቶንሌ ሳፕ ሜኮንግን እምቢ ሊል አይችልም፤ መምህር ግን ፈተናው የማይጠይቀውን ቁም ነገር ማስተማር ይችላል፤ የሚያስተምሩም አሉ። በስሪላንካ የታየውም ይኸው ነው፦ ፈተናው ይዘትን ሲለውጥ ዘዴው በመምህሩ እጅ ቀርቷል። ወደ ከተማ የሚሄደውም ወጣት በጎርፍ እንደ ተወሰደ ግንድ መቆጠር የለበትም፤ አስልቶ፣ መርጦ፣ ተስፋ አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ «መላሹ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የተመላሹን ኀላፊነት ማውረጃ ሊሆን አይገባም። ተገቢው አጠቃቀም ኀላፊነትን በልክ ማከፋፈል ነው፤ ለውሃው የውሃውን፣ ለቦዩ የቦዩን።

«ተመላሽ ውሃ» ለሁሉም ዓይነት ችግር መጠሪያ ከሆነ ደግሞ እንደ «ተጽዕኖ» ባዶ ይሆናል። ቃሉ የሚገባው ሦስት ነገሮች ሲታወቁ ነው፦ መጀመሪያ የነበረው ፍሰት፣ ፍሰቱን የመለሰው ነገር፣ ሲመለስም የጠረገው ወይም ያለማው ነገር። ከሦስቱ አንዱ ካልታወቀ ቃሉን አለመጠቀም ይሻላል።

መደምደሚያ

የፎገራ ገበሬ በየዓመቱ ሜዳውን የሚያለብሰውን ውሃ እየረገመ ብቻ አልኖረም። ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ሩዝ መዝራት ለምዶ፣ ዛሬ ፎገራ በሩዝ ከታወቁት የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ሆኗል። ይህ የሆነው ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚገታና መቼ እንደሚለቅ ስለታወቀ ነው። መንስኤው የታወቀ ውሃ ሥራ ላይ ይውላል።

ከዚህ ምርመራ ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ።

ለመምህራን፦ በመልክዓ ምድር ክፍለ ጊዜ ስለ ሞገድ ሲያስተምሩ «ተመላሽ» የሚለውን ቃል ከነ«መላሽ» ጥንዱ ቢያስተዋውቁ፣ ተማሪው ባሕር ባያይም በሰፈሩ ቦይ ሊያስተውለው ይችላል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜም «መልስ»፣ «ምላሽ»፣ «ምልሰት» እና «ተመላሽ» በአንድነት ቢጠኑ አንድ ግሥ ስንት ዘርፍ ተሻግሮ እንደሚያገለግል ይታያል። በፈተና ጉዳይ በሚደረግ ውይይት ደግሞ ፈተናው ከመስከረም ጀምሮ የትኛውን ምዕራፍ፣ የትኛውን ችሎታ ወደ ኋላ እንደገፋ በዝርዝር መመዝገብ፣ ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ ለፈተና አዘጋጆች የሚጠቅም ማስረጃ ይሆናል።

ለዕቅድ ባለሙያዎች፦ በአንድ ሰነድ ውስጥ «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል በተጻፈበት ቦታ ሁሉ «ማን አስቀረው?» የሚል ጥያቄ በኅዳጉ ቢጻፍ፣ «አዙሪት» በተባለበትም ቋጥኙ በስሙ ቢጠራ ሰነዱ ይሻሻላል። ለጥያቄው መልስ የሌለው ዓረፍተ ነገር ወይ ጥናት ይጎድለዋል፣ ወይ ከሰነዱ መውጣት ይገባዋል። እንዲሁም ከገጠር ወደ ከተማ የሚጠረገው ብቻ ሳይሆን፣ በመስቀል ሰሞን እንደሚታየው ከከተማ ወደ ገጠር የሚመለሰውም በዕቅዱ ውስጥ የራሱ ዓምድ ሊኖረው ይገባል።

ቃል በራሱ ቦይ አይጠርግም፤ ፈተናም አያሻሽልም። ነገር ግን ሱቁ በውሃ የተሞላበት ሰው ባልዲ ከማንሣቱ በፊት ወደ ቦዩ እንዲመለከት ሊያደርገው ይችላል።